የመብት ባለቤት ማን ነው? ከፓርቲዎች ልዩነት በስተጀርባ ያለው ጥያቄ

በአንድ ጉባኤ አብረው የሚያመልኩ ወንድሞች ምርጫ ሲቃረብ በፓርቲ ምክንያት ሲኳረፉ አይተው ይሆናል። ልዩነቱን የጥቅም ብቻ አድርገን ብንወስደው እንሳሳታለን። ከሥሩ አንድ ጥያቄ አለ፦ የፖለቲካ መብት ቀዳሚ ባለቤት ግለሰቡ ነው ወይስ ብሔሩ?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 8 ሉዓላዊ ሥልጣንን ለብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ይሰጣል፤ በአንቀጽ 39 ደግሞ የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብታቸውን እስከ መገንጠል ያደርሰዋል። ኢሕአዴግ የተሟገተለት አመለካከት ይህ ነው፦ ቋንቋውና ባህሉ የተናቀበት ሰው የተበደለው እንደ ማኅበረሰብ ስለሆነ፣ መብቱም በማኅበረሰቡ በኩል ሊጠበቅ ይገባል። በ1997 ምርጫ የተወዳደረው ቅንጅትና በ2011 የተመሠረተው ኢዜማ ግን ዜግነትን ያስቀድማሉ፤ መብት በብሔር ከተሰፈረ ከ"ክልሉ" ውጭ የሚኖር ሰው በገዛ አገሩ እንግዳ ይሆናል ይላሉ። በ2012 የተመሠረተው ብልጽግና ሁለቱን በ"መደመር" ለማስታረቅ ቢነሣም ሕገ መንግሥቱ እንዳለ ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት ለሁለቱም ወገን የሚሉት አላቸው። እያንዳንዱ ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥሯል (ዘፍ. 1፥27)፤ በዙፋኑ ፊት የሚቆመውም እጅግ ብዙ ሕዝብ ነገዱና ቋንቋው አልጠፋም (ራእ. 7፥9)። ስለዚህ አንዱን አመለካከት የወንጌል፣ ሌላውን የጠላት አድርገን ልንሰብክ አይገባም።

መስከረም 2011ን ያስታውሱ። በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው ሲሰማ፣ በአርባ ምንጭ የተቆጡ ወጣቶች በከተማዋ ኦሮሞዎች ንብረት ላይ ሊበቀሉ ወጡ። የወጣቶቹ ስሌት የቡድን ነበር፦ ወገኑ በድሏልና እርሱ ይክፈል። የጋሞ አባቶች ግን እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። አባቶቹ ጋሞነታቸውን አልተዉም፤ ያስቆሟቸው በጋሞ ወግ ነው። በዚያው ወግ ግን ያልበደለውን ጎረቤት ከሌላው በደል ለይተው አዳኑት።

እንግዲህ ድምፅዎን ከመስጠትዎ በፊት ብሔርን የሚያስቀድመውን ፓርቲ፣ "በመካከላችን ያለው የሌላ ወገን ሰው ምን ዋስትና አለው?" ብለው ይጠይቁ። ዜግነትን የሚያስቀድመውንም፣ "ቋንቋው የተናቀበት ሕዝብ ቁስሉ በምን ይሽራል?" ይበሉት። ከእርስዎ የተለየ የሚመርጠው ወንድምዎም ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱ ከብዶበት ይሆናልና፣ ከመፍረድዎ በፊት ያድምጡት።