ቅርስን ማስተዳደር የሚማሩት ሙያ ነው

በዚህ ገጽ ስለ ቡና፥ ስለ ቆዳና ስለ ጉምሩክ ቀረጥ መጻፍ የተለመደ ነው። ዛሬ ግን በነጋዴው ዘንድ ብዙ ያልታሰበበትን አንድ ሙያ እናነሣለን፤ ይኸውም ቤተ መዘክርን፥ ቴአትር ቤትንና የቅርስ ስፍራን የማስተዳደር ሙያ ነው። አንድ ልጅ ለአባቱ «ይህን ልማር» ብሎ ቢነግራቸው፥ «ታዲያ ከዚህ ምን እንጀራ ይገኛል?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ጥያቄው አያስነውርም፤ መልስ ግን ይገባዋል።

ለምሳሌ ያህል የድንቅነሽን ጉዞ እንመልከት። በ1967 ዓ.ም. በአፋር፥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ አሜሪካ ተወስዳ በመጀመሪያ በሂዩስተን ከተማ ለሕዝብ ታየች፤ ወደ አገሯ የተመለሰችውም በ2005 ዓ.ም. ነው። ገና ከመነሻው ከሊቃውንቱ አያሌዎቹ፥ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ አጥንት በመንገድ ላይ ቢሰበር በምን ይተካል ሲሉ ተቃወሙ። በዋሽንግተን ያለው ታላቁ የስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክርም አልቀበልም አለ። በሌላ በኩል ደግሞ አገርን ለማስተዋወቅና ለቤተ መዘክሮቻችን ገቢ ለማግኘት ይረዳል የሚሉ ነበሩ። በ2001 ዓ.ም. ሲያትል ከተማ በደረሰች ጊዜ ግን ተመልካቹ ከተገመተው እጅግ አነሰና አስተናጋጁ ድርጅት ከሰረ። ድንቅነሽን የሚያህል ስም ይዞ መክሰር ከተቻለ፥ የዕቃው ክብር ብቻውን ገበያ አያመጣም ማለት ነው።

በእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚወስነው ሰው ምን ማወቅ ይገባዋል? ዕቃው መንገድ ይችል እንደሆነ ከጠበብቱ ተረድቶ፥ የውሰቱን ውል አንቀጽ በአንቀጽ መርምሮ፥ የመድን ዋስትናው ከየት ተነሥቶ የት ድረስ እንደሚጸና አረጋግጦ፥ ዕቃው ሲወጣና ሲመለስ ያለበትን ሁኔታ በጽሑፍና በፎቶግራፍ አስመዝግቦ ነው እሺ ወይም እምቢ የሚለው። እምቢ ማለትም የሥራው ክፍል ነው። እንዲያውም የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደሚያምነው ከሁሉ የሚከብደው ትምህርት እርሱ ነው።

የሁሉም መሠረት ደግሞ መዝገብ ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ በሚገኝ አንድ ትንሽ ቤተ መዘክር ውስጥ አንድ ጥንታዊ ጋሻ አይቼ የማን እንደነበረ ጠባቂውን ሽማግሌ ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ይህን የምናውቀው እኔና እግዚአብሔር ነን» አሉኝ። አነጋገራቸው አሳቀኝ፤ ወዲያው ግን ደነገጥሁ። እርሳቸው ያረፉ ዕለት ጋሻው ባለታሪክነቱ ቀርቶ ተራ ቆዳ ይሆናል። ንዋየ ቅድሳትን ቆጥሮ መረከብና ቆጥሮ ማስረከብ በየደብሩ የታወቀ ሥርዓት ስለሆነ፥ ነገሩ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር።

የቴአትር ቤት አስተዳደር ከዚህ የተለየ ችግር አለበት። ቦሞልና ቦወን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የኤኮኖሚ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጡት መጽሐፍ ምክንያቱን ገልጠዋል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተሻለ መኪና ሲያስገባ በዚያው ሠራተኛ ብዙ ጨርቅ ያወጣል፤ ስለዚህ ደመወዝ ቢጨምርም የአንዱ ሜትር ዋጋ ላይወደድ ይችላል። ዐሥር ተዋንያን የሚጫወቱት የሁለት ሰዓት ቴአትር ግን ምን ጊዜም ዐሥር ሰውና ሁለት ሰዓት ይጠይቃል። በአምስት ሰው በአንድ ሰዓት ይለቅ ቢባል ቴአትርነቱ ይቀራል። ተዋናዩም ጤፍ የሚሸምተው ከፋብሪካው ሠራተኛ ጋር በአንድ ገበያ ነውና ደመወዙ መጨመሩ ግድ ነው። በ1927 ዓ.ም. ለተቋቋመው ሀገር ፍቅርም ሆነ በ1948 ዓ.ም. ለተከፈተው ለዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፥ ወይም በለንደን ላለ ቴአትር ቤት፥ ይህ ችግር አንድ ነው። ስለዚህ የቲኬት ገቢ ከወጪ ቢያንስ ሁልጊዜ የሥራ አስኪያጁ ስንፍና ነው አይባልም። ጉድለቱን አስቀድሞ አስልቶ ከመንግሥት በጀት፥ ከአዳራሽ ኪራይ ወይም ከበጎ አድራጊ ነጋዴ በምን መጠን እንደሚሸፍነው ካላወቀ ግን ጥፋቱ የእርሱ ነው።

ትምህርቱን በተመለከተ፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርኪኦሎጂና የቅርስ አስተዳደር ትምህርት ክፍል ይገኛል። መቀመጫው በሮም የሆነው ኢክሮም የተባለ ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥበቃ ማእከል በሙያው ላሉ ሰዎች አጫጭር ኮርሶች ይሰጣል። የኪነ ጥበብ ተቋማትን አስተዳደር በማስተርስ ደረጃ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎችም በእንግሊዝና በአሜሪካ አሉ።

በእኛ አስተያየት ግን ወደ ውጭ ለመሄድ መቸኮል አያሻም። ተማሪው በመጀመሪያ ሒሳብን ወይም ሕግን ወይም ታሪክን አጥብቆ ይማር፤ ቀጥሎም ወደ ከፍተኛው ትምህርት ከመግባቱ በፊት አንድ ዓመት ያህል በአንድ ቤተ መዘክር ዕቃ ቤት ውስጥ ያገልግል። ስለ መድን ውልና ስለ ማጓጓዣ ሰነድ እራት ላይ ሲወራ እየሰማ ያደገ የነጋዴ ልጅ ከዚያ የሚቀረው ብራና በእርጥበት፥ ሥዕል በፀሐይ፥ ቀሚስ በብል እንዴት እንደሚጠፋ በዓይኑ ማየት ነው።