ለመንዙማ የሚበቃ ማጫወቻ

ደሴ ፒያሳና ኮምቦልቻ መናኸሪያ ዙሪያ ባሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች አዲስ ዓይነት ማጫወቻ ሳይደረደር ብዙ ጊዜ አያልፍም። ቁመቱ ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም። ሚሞሪና ፍላሽ ይቀበላል፣ ኤፍ ኤም ይስባል፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ይገናኛል፤ አንዳንዱ በጎኑ የእጅ ባትሪ፣ በጀርባው የሶላር ሰሌዳ አለው። ካርቶኑ ላይ የተደረደረው ዝርዝር ረጅም ስለሆነ ገዢ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። እኔ እንዲህ ያለውን ዕቃ የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፦ መንዙማን በቅጡ ያሰማል ወይስ አያሰማም? መንዙማ የቻለ ማጫወቻ ዘፈኑም፣ መዝሙሩም፣ ዜናውም አያቅተውም።

መንዙማ ከባድ ፈተና የሚሆነው በባሕርይው ነው። መሪው ለብቻው በዝግታ ይጀምራል፤ ተቀባዮች ይመልሱለታል፤ ድቤው ከሥር ይገባል፤ ጭብጨባው ይደርባል፤ ቤቱ እየሞቀ ሲሄድ ከለሆሳስ የተነሳው ድምፅ ጣሪያ ይነካል። አንዱ ብቻውን ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል። የጃማ ንጉስን መውሊድ የሚያውቅ፣ ወይም ዱዓ ላይ ተቀምጦ ያመሸ ወሎዬ ይህን የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። ስለዚህ የሰው ድምፅ ጥርት ብሎ መውጣት አለበት፣ ድቤው መጥፋት የለበትም፣ ባትሪውም ነገሩ ሲጥም መድከም የለበትም።

ከድቤው ልነሳ። የእነዚህ ማጫወቻዎች ስፒከር ብዙውን ጊዜ ስፋቱ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ነው። ወፍራም ድምፅ ብዙ አየር መግፋት ይጠይቃል፤ ትንሽ ስፒከር ያን አቅም የለውም። በግምት ከ150 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ እየሳሳ ይሄድና ከድቤው የሚቀረው እጅ ቆዳውን ሲመታ የሚሰማው ጧታ ብቻ ይሆናል፤ ደረት ላይ የሚያርፈው ጉምታ የለም። ይህን ለማካካስ አንዳንድ አምራቾች በስፒከሩ ጎን ወይም ጀርባ የጎማ ሽፋን ያደርጋሉ። ሽፋኑ ኤሌክትሪክ አይደርሰውም፤ ሳጥኑ ውስጥ የታመቀው አየር ሲገፋው እየተንቀጠቀጠ ወፍራሙን ድምፅ ያግዛል። በጣት ጫፍ ቀስ ብለው ሲጫኑት ገባ ብሎ የሚመለስ ከሆነ እውነተኛ ነው፤ ደረቅ ፕላስቲክ ከሆነ ለጌጥ የተለጠፈ ነው።

በገና ግን በትንሽ ስፒከርም ደህና ይሰማል። አሥሩ አውታሮች ድምፃቸው ወፍራም ቢሆንም፣ በየአውታሩ ሥር የምትገባው እንዚራ የተባለች የቆዳ ቁራጭ የምትፈጥረው ንዝረት ከዋናው ድምፅ በላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆችን ይወልዳል። ጆሯችን እነዚያን ከሰማ ከሥር የጎደለውን ወፍራም ድምፅ ራሱ ይሞላዋል። ድቤና ከበሮ እንዲህ ያለ እገዛ የላቸውም። እናም በበገና ብቻ ሞክሮ የገዛ ሰው ቤቱ ገብቶ መንዙማ ሲከፍት ቢያዝን አይደንቅም። ሱቅ ውስጥ ሻጩ የመረጠውን የሚያስጨፍር ዘፈን ሰምቶ መወሰን ከዚያም የባሰ ነው፤ እንዲያ ያለው ሙዚቃ የስፒከሩን ጉድለት ሁሉ ይሸፍናል። የራስዎን ሚሞሪ ይዘው ይሂዱ፤ ድምፁን ከሙሉው ሁለት ሦስተኛ ያህል ከፍ ያድርጉት፤ ከዚያ መሪው ብቻውን ሲያዜም ያዳምጡ። «ሰ» እና «ሸ» የሚፏጩ ከሆነ፣ ወይም ሽፋኑ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ይተዉት።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ዋትም ብዙ ሰው ያሳስታል። 40 ዋት የተባለለት መዳፍ የሚያክል ማጫወቻ ሲከፈት ውስጡ ቢ ኤል 5 ሲ ባትሪ ሊገኝ ይችላል፤ ድሮ በኖኪያ ስልክ የምናውቀው ጠፍጣፋው ባትሪ ነው። ጀርባው ላይ 3.7 ቮልት፣ 1020 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይላል። ሁለቱ ሲባዙ 3.8 ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣሉ። ዕቃው በእርግጥ 40 ዋት ቢያወጣ ኖሮ ባትሪው 6 ደቂቃ አይሞላም ነበር። ለአንድ ክፍል የሚበቃ ድምፅ ከአንድ ዋት በታች ስለሚበላ ነው ሰባት ሰዓት ያህል የሚቆየው። ከፍ ባሉት ማጫወቻዎች ውስጥ ያለው ደግሞ 18650 የሚባለው ድብልብል ባትሪ ነው፤ ስሙ ልኩ ነው፣ ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር። ደህናው ከ2000 እስከ 3500 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይይዛል። 9900 የሚል ጽሑፍ ካዩበት ውሸት ነው፤ በዚህ መጠን ያን ያህል የሚይዝ ባትሪ የለም።

እኔ ከድምፁ ቀጥሎ የማየው ባትሪው የሚወጣ መሆኑን ነው። ሊትየም ባትሪ በሁለት ሦስት ዓመት ይደክማል፤ ከስፒከሩም ከቁልፎቹም ቀድሞ የሚያረጀው እሱ ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ከባለሱቁ ልጅ ጋር ሲነጋገሩ የሰማሁት ነገሩን አሳጥሮ ይዞታል።

«ልጄ፣ ይኼ ባትሪው ይወጣል?»

«አብሽር አባባ፣ ይኼ አይበላሽም። ውስጥ የታሸገ ነው።»

«መውጣቱን ነው የጠየቅሁህ።»

ልጁ ዝም ብሎ ሌላ አወረደላቸው፤ በጥፍር የሚከፈት ክዳን ያለው። አዛውንቱ ባትሪውን አወጡት፣ ከጫፉ ያሉትን ወርቅማ ነጥቦች በአውራ ጣታቸው ጠረግ አደረጉ፣ መልሰው አስገቡ፣ ከፈቱት። ሁለት እንዲህ ያለ ባትሪ ያለው ሰው አንዱን ከተማ ሲወጣ ቻርጅ አስደርጎ ሌላውን ይዞ መንደሩ ያመሻል። የታሸገውን የገዛ ግን ባትሪው የደከመ ዕለት ሙሉ ዕቃው ይሞትበታል፣ ወይም ጠጋኝ ፍለጋ ይወጣል።

የሶላሩ ነገር በልክ መታመን አለበት። 6 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነች ሰሌዳ ጥርት ያለ የቀትር ፀሐይ ላይ ብትቀመጥ ቢበዛ አንድ ዋት ገደማ ታመነጫለች። ቢ ኤል 5 ሲውን ባትሪ ለመሙላት ከብክነቱ ጋር አምስት ስድስት ሰዓት ትፈጃለች፤ ይህም በበጋ ነው። የክረምቱ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን ሲሸፍናት ከእሷ ብዙ አይጠበቅም። ኮምቦልቻ ከደሴ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች፤ እዚያ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ማጫወቻው ፀሐይ ላይ በቆየ ቁጥር ሙቀቱ ባትሪውን ይጎዳዋል። የባጃጅ መስታወት ሥር ቀኑን ሙሉ የሚውል ማጫወቻ ባትሪው አብጦ ክዳኑን ሲገፋ ማየት የተለመደ ነው። ያበጠ ባትሪ መጣል አለበት፤ መበሳትም፣ መጫንም፣ መልሶ ቻርጅ ማድረግም አደጋ ነው።

አሁን ካርቶን ላይ ተጽፎ ወደማላየው፣ እኔ ግን ከብሉቱዝም ከመብራቱም አስበልጬ ወደምፈልገው ችሎታ ልምጣ፦ ካቆመበት መቀጠል። አንዳንዱ ማጫወቻ ጠፍቶ ሲበራ ከመጀመሪያው ፋይል ይነሳል። ሌላው ፋይሉን ያስታውሳል፣ ደቂቃውን ግን ይረሳል። ለአራት ደቂቃ ዘፈን ይህ ምንም አይደለም። የአርባ ደቂቃ መንዙማ፣ የአንድ ሰዓት ስብከት ወይም የቁርኣን ትርጉም ለሚያደምጥ ሰው ግን ዋናው ነገር ይኸው ነው። ሱቅ ውስጥ መፈተሽ ደግሞ ቀላል ነው፤ አንድ ረጅም ፋይል ከፍተው መሐል ላይ ያጥፉት፣ መልሰው ያብሩት።

ቴፕ ይህ ችግር አልነበረበትም፤ ክሩ የቆመበት ቦታ ላይ ነበር የሚገኘው። ፊሊፕስ በ1963 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ካሴት ለወሎ ብዙ አድርጓል። የማሪቱ ለገሠን አምባሰል ከቤት ቤት ያዳረሰው እሱ ነው፤ የሼህ መሐመድ አወል ሐምዛን መንዙማም እንዲሁ። በ1979 እ.ኤ.አ. የሶኒ ዎክማን ካሴቱን ኪስ ውስጥ አስገባው። በ1998 እ.ኤ.አ. የመጣችው የመጀመሪያዋ የደቡብ ኮሪያ ኤም ፒ ስሪ ማጫወቻ የምትይዘው 32 ሜጋ ባይት፣ ማለትም ግማሽ ሰዓት ገደማ ሙዚቃ ነበር፤ አንድ ረጅም መንዙማ ቢጫንባት ሌላ ቦታ አይተርፋትም። ዛሬ ጥፍር የምታህል 8 ጊጋ ባይት ሚሞሪ በተለመደው ጥራት ከ130 ሰዓት በላይ ትይዛለች።

ሚሞሪዋን የሚሞላው ልጅ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ «ምን ልጫንልዎ?» ይላል። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ አምባሰል የሚወጣው ምእመን በደሴ ሲያልፍ መዝሙር ያስጭናል፤ ረመዳን ሲገባ መንዙማና ነሺዳ ይፈለጋል፤ ለሠርግ የባቲና የአምባሰል ቅኝት ዘፈኖች ይደረደራሉ። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ከሚሞሪ መሙያው ገንዘብ ግን ለዘፋኙም፣ ለግጥም ደራሲውም፣ ለመንዙማ አዋቂውም የሚደርሰው የለም። በካሴቱ ዘመን ቢያንስ ሙዚቃ ቤቱ ሥራውን ገዝቶ ያሳትም ነበር። ለአገልግሎቱ የምንከፍለው ሳንቲም ለባለ ሥራው የሚደርስበት መንገድ ሊበጅ ይገባል።

ከሚሞሪ ጋር የሚያያዙ ጥቂት ነገሮች ገንዘብ ያድናሉ። ርካሽ ማጫወቻዎች ከ32 ጊጋ ባይት በላይ ያለውን ካርድ ብዙ ጊዜ አያነቡም፤ ትልልቆቹ ካርዶች ሲመረቱ የሚዘጋጁበት የፋይል አሠራር የተለየ ነው። 8 ወይም 16 መግዛት ይበቃል። ገበያ ላይ 128 ተብሎ ተጽፎበት እውነተኛ ይዞታው 8 ብቻ የሆነ ካርድም አለ፤ እንዲህ ያለው ሲሞላ የመጀመሪያዎቹን ብቻ ያጫውትና የቀሩትን ይዘላል። ሌላው የቅደም ተከተሉ ነገር ነው። ብዙ ማጫወቻ ፋይሎችን የሚያሰማው በስማቸው ተራ ሳይሆን በተገለበጡበት ተራ ነው፤ ተከታታይ ትምህርት የሚያስጭን ሰው ልጁን አንድ በአንድ በተራ እንዲገለብጥለት መንገር አለበት። ትንሽ ስክሪን ያላቸውም አብዛኞቹ የአማርኛ ፊደል አያውቁም፤ ስሙን በባዶ ሳጥን ወይም በጥያቄ ምልክት ያሳዩታል፤ ስለዚህ በቁጥር መሰየም ይሻላል።

ቁልፎቹን በጨለማ ይሞክሯቸው። አንዱ ቁልፍ አጭር ሲነካ ዘፈን የሚያሳልፍ፣ ሲቆይበት ድምፅ የሚጨምር ከሆነ፣ ጣታቸው ለከበደ አረጋውያን ፈተና ነው፤ የድምፅ መጨመሪያው ለብቻው የሚዞር ጎማ የሆነበት በጣም ይሻላል። አንዳንዱ ማጫወቻ ሲበራ በእንግሊዝኛ «ብሉቱዝ ሞድ» ብሎ የሚጮኸው ድምፅ አይቀነስም። ሌሊት ተነስቶ ሶላት ወይም ጸሎት ለሚያደርስ ሰው፣ ሕፃን ላስተኛች እናት፣ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ሬዲዮውን በተመለከተ ደሴ ተራራ የከበባት ከተማ ናት። ኤፍ ኤም ቀጥታ ስለሚጓዝ ተራራ ይጋርደዋል፤ ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ጣቢያው ሄድ መለስ የሚለው ለዚህ ነው። በመሆኑም የሚሳብ አንቴና ያለውን ይምረጡ፤ የጆሮ ማዳመጫ ሽቦውን እንደ አንቴና የሚጠቀም ማጫወቻ ማዳመጫው ካልተሰካ ምንም አይዝም። አጭር ሞገድ ያለው ከተገኘ ደግሞ እኔ ከብሉቱዝ አስቀድመዋለሁ። አጭር ሞገድ ከላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ተንጸባርቆ ስለሚመለስ ተራራ አያግደውም። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜኑ ጦርነት ተይዘው መብራትና ኔትወርክ ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ ስልክ ዘመድ መጠየቂያም ወሬ መስሚያም መሆን አልቻለም ነበር። በዚያ ጊዜ ባትሪ የሚለወጥለት ሬዲዮ ምን ዋጋ እንዳለው ለሁለቱ ከተሞች ነዋሪ ማስረዳት አያስፈልግም።

«ስልክ እያለ ለምን?» የሚል አለ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም የጨርቃጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ሌሊት ገብታ ጧት ስትወጣ ስልኳ ቻርጅ ሊኖረው ይገባል፤ ቤተሰብ ይደውላል፣ ገንዘብ በሱ ይላካል። ሙዚቃውን ለሌላ ዕቃ መስጠት ለስልኩ ዕድሜ ነው። ለተማሪ ግን፣ በተለይ ዶርም ለሚኖር የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ስልኩና ደህና ማዳመጫ ይበቁታል፤ ማጫወቻ ግዛ አልለውም።

ከመክፈልዎ በፊት የቻርጅ ቀዳዳውን ይዩ። ከሁሉ ቀድሞ የሚላቀቀው እሱ ነው፤ ገመዱ ሲሰካ የሚወዛወዝ ከሆነ ከአሁኑ ብየዳው ደካማ ነው ማለት ነው። አዲሶቹ ታይፕ ሲ የሚባለው ቀዳዳ አላቸው፤ በሁለቱም በኩል ስለሚገባ ጥሩ ነው። ሆኖም ርካሾቹ ላይ ሁለት ጥቃቅን ሬዚስተሮች ስለማይገጠሙ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነው በአዲሱ ገመድ ቻርጅ አያደርጉም፤ ባለ ሰፊ ጫፉ የድሮ ዩኤስቢ ገመድ ይፈልጋሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ዕቃው ተበላሸ ብሎ ይመልሳል። አብሮ የመጣውን ገመድ አይጣሉት።