ፋራዳይና አንዲት ሻማ

ማይክል ፋራዳይ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነው። በመደበኛ ትምህርት ብዙ አልገፋም፤ ሳይንስን የቀሰመው በለንደን ከአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ሲማር፣ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1831 በማግኔት አማካይነት የኤሌክትሪክ ጅረት ማመንጨት እንደሚቻል ያሳየው ይህ ታላቅ ተመራማሪ፣ በገና ሰሞን ሮያል ኢንስቲትዩሽን በተባለው የሳይንስ ተቋም ለወጣቶች ያስተምር ነበር።

ከትምህርቶቹ ሁሉ የታወቁት በ1860 መጨረሻ የጀመራቸው ስድስት ትምህርቶች ናቸው። ርዕሳቸው ሻማ ብቻ! የሚነደው ወደ ትነት የተለወጠው ሰም መሆኑን በቃል ነግሮ አላለፈም፤ አሳያቸው። ሻማው እንደጠፋ ከክሩ ወደሚወጣው ነጭ ትነት እሳት ሲጠጋ፣ ነበልባሉ ትነቱን ተከትሎ ይወርድና ክሩን መልሶ ያቀጣጥላል። ከነበልባሉ በላይ በጣም ቀዝቃዛ ዕቃ ሲያዝ ደግሞ ከሥሩ የውሃ ጠብታ ይታያል። ከእሳት ውሃ! በሰሙ ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ስለሚዋሃድ ነው። ተማሪን እንዲህ አስደንቆ ምክንያቱን እንዲጠይቅ ማድረግ ትልቅ ችሎታ ነው።

የሻማውን ሙከራ ከመምህራችሁ ጋር ሆናችሁ ሞክሩት፤ ያያችሁትንም ለታናናሾቻችሁ አስረዷቸው።