የማይታየውን ብናኝ በርካሽ መሣሪያ መለካት ይቻላልን?

በበጋ ማለዳ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ሰበታን አልፎ ወደ ተጂ የሚጓዝ ሰው በሜዳው ላይ የተንጣለለ ግራጫ ጭጋግ ሊያይ ይችላል። ከፊሉ የማገዶ ጭስ፣ ከፊሉ የመኪናና የፋብሪካ ልቀት፣ ከፊሉም ከበቾ ሜዳ የሚነሣ አቧራ ነው። በጠራ ሌሊት መሬት ፈጥና ስለምትቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ከታች፣ ሞቅ ያለው ከላይ ይሆንና ጭሱን እንደ አክንባሎ ይከድነዋል። ክዳኑ የሚነሣው ፀሐይ ከበረታች በኋላ ነው።

ለሳንባና ለልብ ይበልጥ የሚያሠጋው ዲያሜትሩ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠው ብናኝ ሲሆን በባለሙያዎች አጠራር ፒኤም 2.5 ይባላል። የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚህ ሃያ እጥፍ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባሻሻለው መመሪያ መሠረት የዓመቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5፣ የ24 ሰዓቱ ደግሞ ከ15 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም።

ይህን በአስተማማኝነት የሚለኩ መሣሪያዎች ዋጋቸው በአሥር ሺዎች ዶላር ይቆጠራል። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተጠቀመበት ዓይነት ብናኙን በማጣሪያ ጥብጣብ ላይ ያጠራቅምና የቤታ ጨረር በጥብጣቡ ሲያልፍ ምን ያህል እንደደከመ ይለካል፤ በሌላ አነጋገር ብናኙን ይመዝናል። በጥቂት አሥር ዶላሮች የሚገኘው ሴንሰር ግን አይመዝንም፤ ያያል። ትንሽ ማራገቢያ አየሩን ይስባል፣ ቀይ ሌዘር ያበራበታል፣ ብርሃን ተቀባዩም በቅንጣቶቹ የተበተነውን ብርሃን ይመዘግባል። ክብደቱ ከዚያ በስሌት የሚገመት ነው።

ችግሩ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ግምት ነው። ቅንጣቱ ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት በጣም ሲያንስ የሚበተነው ብርሃን ከዲያሜትሩ ስድስተኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል። ዲያሜትሩ በግማሽ ቢቀንስ ብርሃኑ 64 ጊዜ ይቀንሳል ማለት ነው! ስለዚህ ከ0.3 ማይክሮሜትር በታች የሆኑት፣ ከመኪና ጭስ ማውጫ አዲስ የወጡት ብዙዎቹ ቅንጣቶች፣ ለሴንሰሩ የሌሉ ያህል ናቸው።

የእኛን ከተሞች በተለይ የሚመለከቱት ሌሎች ሁለት ስሕተቶች ናቸው። የሱሉልታን የክረምት ጉም እናስብ። በእርጥብ አየር ውስጥ ብዙ ቅንጣቶች ውኃ ጠጥተው ያብጣሉ፤ ሴንሰሩም ውኃውን ብክለት አድርጎ ይቆጥረዋል። በተጂ የጥር አቧራ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ትልልቆቹ ቅንጣቶች በደካማው ማራገቢያ ተስበው፣ የመሣሪያውን መታጠፊያ ተከትለው ከሌዘሩ ዘንድ አይደርሱም። መሣሪያው የሚያሳየው የፒኤም 10 ቁጥር በአመዛኙ ከትንንሾቹ ተነሥቶ የተገመተ በመሆኑ፣ በእኔ አስተያየት በአቧራማ መንገድ ዳር ባይነበብ ይሻላል።

አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ፐርፕልኤር ለተባለው ታዋቂ መሣሪያ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ማስተካከያ አለ፤ ንባቡን በ0.524 ማባዛት፣ ከውጤቱ የአንጻራዊ እርጥበቱን መቶኛ 0.0862 እጥፍ መቀነስ፣ ከዚያም 5.75 መደመር። መሣሪያው 60 ቢያነብና እርጥበቱ 80 በመቶ ቢሆን የተስተካከለው ውጤት 30 ገደማ ይሆናል፤ ይኸውም የግማሽ ልዩነት ነው። ይሁን እንጂ ቀመሩ ከአሜሪካ አየር የተቀዳ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ የበዛበትን የቡራዩን ማለዳ በእርሱ ማረም በሰው መነጽር እንደ ማንበብ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ሴንሰሩን ከማጣቀሻ መሣሪያ አጠገብ ለሳምንታት አስቀምጦ የራስን ቀመር ማውጣት ነው። የኤምባሲዎቹ መረጃ ለሕዝብ መሠራጨቱ በመጋቢት 2025 (እ.ኤ.አ.) መቋረጡ ይህን ሥራ አክብዶታል። ሆኖም ጥሩ ሚዛን ያለው ቤተ ሙከራ የራሱን ማጣቀሻ መሥራት ይችላል። በደቂቃ 5 ሊትር የሚስብ ፓምፕ በ24 ሰዓት 7.2 ሜትር ኩብ አየር ያሳልፋል። መጠኑ 40 ማይክሮግራም ከሆነና በፓምፑ አፍ ላይ ከ2.5 ማይክሮሜትር በላይ የሆኑትን የሚያስቀር መለያ ከተገጠመ፣ ማጣሪያው ላይ 288 ማይክሮግራም ይቀራል። ይህን በማይክሮግራም የሚያነብ ሚዛን በሚገባ ይለየዋል፤ ማጣሪያው ከመመዘኑ በፊትም ሆነ በኋላ በአንድ ዓይነት እርጥበት እንዲቆይ ከተደረገ ነው። ሴንሰሩ ከማጣሪያው ጎን፣ ከማድ ቤት ጭስ ማውጫ ርቆ፣ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ ይሰቀላል። ለሱሉልታ በሐምሌ፣ ለተጂ በጥር የሚወጡት ቀመሮች ተመሳሳይ እንዲሆኑ መጠበቅ የለበትም፤ ልኬቱ በሁለቱም ወቅቶች መደገም ይኖርበታል።