ከቆርቆሮ ቤት እስከ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ
ብላክበርኖች የማይረሷቸው “አጎት ጃክ”

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቀኑ እንደ አውሮፓውያኑ ሜይ 14 ቀን 1995። አንፊልድ ላይ የሊጉ የመጨረሻ ጨዋታ ሊያልቅ ደቂቃዎች ቀርተውታል። አላን ሺረር ብላክበርን ሮቨርስን ቀዳሚ ቢያደርግም ጆን ባርንስ ለሊቨርፑል አቻ አድርጓል። ይባስ ብሎ በመጨረሻዋ ደቂቃ ጄሚ ሬድናፕ የመታት ቅጣት ምት መረብ ላይ አረፈች። 2ለ1! የብላክበርን ደጋፊ ቀዝቃዛ ውሃ የተቸለሰበት ያህል ክው አለ። ማንቸስተር ዩናይትድ ዌስትሃምን ካሸነፈ በቃ፣ ሁሉም ነገር አበቃለት።

ወዲያው ግን ከለንደን ወሬ ደረሰ። ዩናይትድ ከዌስትሃም ጋር 1ለ1 ተለያይቷል። ብላክበርን በ89 ነጥብ ዩናይትድን በአንዲት ነጥብ በልጦ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። ተሸንፎ የጨፈረ ክለብ ማለት ያ ነው። በዚያ ሁሉ ጩኸትና መተቃቀፍ መሃል ዋንጫውን ይዘው እንደ ህጻን እንባቸውን የሚያፈሱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጃክ ዎከር ይባላሉ።

ዎከር የተወለዱት በሜይ 1929 እዚያው ብላክበርን ውስጥ ነው። ከተማዋ በጥጥ ፋብሪካዎቿ የምትታወቅ የላንክሻየር የሰራተኛ ከተማ ናት። ክለቡ በ1888 ሊጉን ከመሰረቱት 12 ክለቦች አንዱ ነው፤ በ1912 እና በ1914 ሻምፒዮን ሆኗል። ለስድስተኛ ጊዜ ኤፍ ኤ ካፕን ያነሳው እሳቸው ከመወለዳቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1928 ነው። ስለዚህ ትንሹ ጃክ ያደገው የድሮ ዝና እየሰማ እንጂ ዋንጫ እያየ አልነበረም።

አባቱ ትንሽ የቆርቆሮ ስራ ቤት ነበራቸው። ልጅ ጃክም ትምህርቱን ገና በልጅነቱ ተሰናብቶ ከብረት ጋር ተዋወቀ። በ1951 አባት ሲሞቱ ስራው በጃክና በወንድሙ በፍሬድ እጅ ወደቀ። ሁለቱ ወንድማማቾች ቆርቆሮ መቀጥቀጡ ብቻ እንደማያዋጣ ገባቸው። ብረት በገፍ ገዝተው፣ ቆራርጠው፣ ለየፋብሪካው ማከፋፈል ጀመሩ። ዎከርስቲል የተባለው ኩባንያቸው ከዓመት ዓመት እየሰፋ የአገሪቱ ግዙፍ ብረት አከፋፋይ ለመሆን በቃ። በ1990 ብሪቲሽ ስቲል ኩባንያውን በ330 ሚሊዮን ፓውንድ ጠቀለለው።

እንግዲህ ሌላው ሰው ቢሆን በዚያ ገንዘብ መርከብ ገዝቶ ባህር ዳር ይንፈላሰስ ነበር። ዎከርም ከ1974 ጀምሮ ጀርሲ ደሴት ላይ ነበር የሚኖሩት። ልባቸው ግን ከኤውድ ፓርክ አልወጣም። ክለቡ በ1980ዎቹ መጨረሻ ትሪቡን ሲሰራ ብረቱን ያቀረበው የእሳቸው ኩባንያ ነበር። በጃንዋሪ 1991 ደግሞ ክለቡን ራሱን ያዙት። ያን ዓመት ብላክበርን በሁለተኛው እርከን 19ኛ ሆኖ ነው የጨረሰው።

“ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ” ይባል የለ? ዎከር ኪሳቸውን ፈቱ። በኦክቶበር 1991 ሊቨርፑልን የለቀቀውን ኬኒ ዳልግሊሽን ሁለተኛ ዲቪዚዮን ድረስ አምጥተው ቁጭ አደረጉት። ብዙዎች ጆሯቸውን ተጠራጠሩ። በቀጣዩ ሜይ ዌምብሌይ ላይ ማይክ ኒዌል በፍጹም ቅጣት ምት ባገባት ጎል ሌስተርን ረትተው አዲሱን ፕሪሚየር ሊግ ተቀላቀሉ። ዩናይትድ ሲያሳድደው የነበረውን ሺረርን በ3.3 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ክሪስ ሰተንን በ5 ሚሊዮን ፓውንድ አስፈረሙ። ሁለቱም በጊዜያቸው የእንግሊዝ የዝውውር ሪከርድ ነበሩ። ከዚያማ አራተኛ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ! ሺረር በሻምፒዮናው ዓመት ብቻ 34 የሊግ ጎል አስቆጠረ። ከተማዋ 81 ዓመት የጠበቀችው ዋንጫ ቤቱ ገባ።

“ዋንጫውን ገዙት” ያሏቸው ብዙ ነበሩ። ወሬው ውሸት ነው ማለት አይቻልም፤ ያለ ዎከር ገንዘብ ሺረር ብላክበርንን በካርታም አይፈልጋት ነበር። ግን ብሩ ተጫዋች ላይ ብቻ አልፈሰሰም። ያረጀው ኤውድ ፓርክ ሶስት ጎኑ ፈርሶ እንደ አዲስ ተሰርቶ ከ31 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲየም ሆኗል። ብሮክሆል ላይ የልምምድ ማዕከልና የታዳጊዎች አካዳሚ ተገንብቷል። ያ ደግሞ ነገ ተሸጦ የሚሄድ ነገር አይደለም።

ብር ሁሉንም እንደማይገዛም ዎከር በዓይናቸው አይተዋል። ከድሉ ማግስት ዳልግሊሽ የአሰልጣኝነቱን ወንበር ለሬይ ሃርፎርድ ለቀቀ። በቻምፒዮንስ ሊጉ ቡድኑ የምድቡ ውራ ሲሆን፣ ሞስኮ ላይ ዴቪድ ባቲና ግሬም ለሶ የአንድ ክለብ ማልያ ለብሰው እርስ በርስ ቡጢ ተማዘዙ። በ1996 ሺረር በወቅቱ የዓለም ሪከርድ በነበረ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ትውልድ ከተማው ኒውካስል አቀና። በ1999 ብላክበርን ወረደ። ዋንጫ ካነሳ ገና አራት ዓመቱ ነበር።

ዎከር ግን ጥለው አልሄዱም። ካንሰር ይዟቸው እንኳ ለክለቡ ገንዘብ ማውጣታቸውን ቀጠሉ። ኦገስት 17 ቀን 2000 በ71 ዓመታቸው ሲያርፉ ቡድናቸው ገና ታች ነበር፤ ሲመለስ ሳያዩ ሞቱ። ዘጠኝ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በሜይ 2001 ማት ጃንሰን ፕሬስተን ላይ ባገባት ጎል ብላክበርን ወደ ፕሪሚየር ሊግ ተመለሰ። በ2002 ቶተንሃምን 2ለ1 አሸንፎ የሊግ ካፑን አነሳ። ደጋፊው በሁለቱም ቀን የዘመረው ለሟቹ ሰውዬ ነው። እነሱ “አጎት ጃክ” ይሏቸዋል፤ እኛ አገር ቢሆኑ ጋሽ ጃክ መባላቸው አይቀርም ነበር።

የቤተሰቡ ባለአደራ ድርጅት በኖቬምበር 2010 ክለቡን ቬንኪስ ለተባለ የህንድ የዶሮ እርባታ ኩባንያ በ23 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠው። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ በሜይ 2012 ክለቡ ሲወርድ ደጋፊው ንዴቱን የገለጸው ዶሮ ሜዳ ውስጥ በመልቀቅ ነበር። በ2017 ጭራሽ ሶስተኛው እርከን ድረስ ወረደ፤ ደግነቱ በዓመቱ ተመልሷል።

ከዎከር በኋላ እንግሊዝ ብዙ ቱጃር አይታለች። አብራሞቪች በ2003 ቼልሲን ገዛ፣ በ2022 ሄደ። የአቡዳቢው ሼክ መንሱር በ2008 ማንቸስተር ሲቲን ያዙ። የዎከርን ሃብት አስር እጥፍ የሚያስከነዱ ናቸው። ነገር ግን አንዳቸውም የገዙትን ክለብ በልጅነታቸው ሲደግፉ አላደጉም። ቆርቆሮ ሰሪው ሽማግሌ ግን የገዙት የሰፈራቸውን ክለብ ነው። ዛሬ ሐውልታቸው ኤውድ ፓርክ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ጨዋታ ሊያይ የሚመጣ የብላክበርን ሰው፣ ቡድኑ ቢያሸንፍም ባያሸንፍም፣ በአጎት ጃክ ፊት ሳያልፍ አይገባም።