የጥቂት ሰዎች ቋንቋ

በገበያ ቀን ቴፒ ላይ ቆመን ጆሯችንን ብንሰጥ ብዙ ዓይነት ቋንቋ እንሰማለን። ሸከቾው ከሸከቾ፣ መዠንግሩ ከመዠንግር፣ ሸኮው ከሸኮ፣ ቤንቹ ከቤንች ጋር በየቋንቋው ይጨዋወታል። ዋጋ ለመቁረጥ ሲሆን ደግሞ በአማርኛ ይግባባሉ። በዚሁ አገር ግን ብዙዎቻችን ሰምተነው የማናውቅ አንድ ቋንቋ አለ። እሱም የቻቡዎች ቋንቋ ነው።

ቻቡዎች እነማን ናቸው? በሸካና በመዠንግር ደን ውስጥ የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። ራሳቸውን ቻቡ ይላሉ። ሌሎች ሻቦ ወይም ሚከይር ይሏቸዋል። ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ ከጥቂት ሺህ አይበልጥም። ከጥንት ጀምሮ ኑሯቸው በደን ነው። ያድናሉ፤ የዱር ሥራሥር ይቆፍራሉ፤ ማር ይቆርጣሉ። ዛሬ እርሻም ይዘዋል።

ቋንቋቸውስ? ቋንቋም እንደ ሰው ዘመድ አለው። አማርኛና ትግርኛ ዘመዳሞች ናቸው። የቤንች፣ የሸኮና የከፋ ቋንቋዎች የኦሞ ወገን ይባላሉ። የቻቡ ቋንቋ ግን ዘመዱ ማን እንደሆነ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ከመዠንግር ቋንቋ ብዙ ቃል ወስዷል። ቢሆንም ዘመድ የሌለው፣ ለብቻው የቆመ ቋንቋ ነው የሚሉ አሉ። አንድ ምሳሌ እንይ። እኛ በአማርኛ ሁለት ብንሆንም መቶ ብንሆንም «እኛ» እንላለን። ቻቡ ግን ለሁለት ሰዎች አንድ ቃል፣ ለብዙ ሰዎች ሌላ ቃል አለው። ስለዚህ የትንሽ ሕዝብ ቋንቋ ጎደሎ ቋንቋ አይደለም።

ታዲያ ቋንቋ እንዴት ይጠፋል? ሰው በሕይወት እያለ ቋንቋው ሊጠፋ ይችላል። ቻቡዎች ከመዠንግርና ከሸከቾ ጋር ይጋባሉ፤ የእነሱንም ቋንቋ ያውቃሉ። ብዙ ቋንቋ ማወቅ ሀብት ነው፤ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው እናትና አባት በገዛ ቋንቋቸው አፍረው ለልጃቸው መናገር ሲተዉ ነው። ያ ልጅ ይሰማል እንጂ አይናገርም። የሱ ልጅ ደግሞ አይሰማም። በሦስት ትውልድ አለቀ ማለት ነው።

ሌላው ምክንያት የደን መመንጠር ነው። ደኑ ሲያልቅ የዛፉ ስም፣ የሥሩ ስም፣ የንቡ ጠባይ በቃል የሚነገርበት ቦታ ያጣል። የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከሚያውቃቸው ጥብቅ ሥፍራዎች አንዱ ሆኗል። ደኑ ሲጠበቅ የደኑ ሰዎች ዕውቀትም አብሮ ይጠበቃል።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። ከባሕር ማዶ፣ በካናዳና በአላስካ ባሕር ዳር ሲምሺያን የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። ዓሣ አጥማጆች ናቸው። የቋንቋቸው ስም ትርጉሙ «እውነተኛው ቋንቋ» ማለት ነው። በካናዳ የአገሬው ተወላጆች ልጆች ከወላጆቻቸው እየተነጠቁ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገቡ ነበር። በቋንቋቸው ሲናገሩ የተገኙት ይቀጡ ነበር። ልጆቹ አድገው ሲወልዱ ብዙዎቹ ለልጆቻቸው ቋንቋውን አላወረሱም። የካናዳ መንግሥት ስለ እነዚህ ትምህርት ቤቶች በሰኔ 2000 ዓ.ም. ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው ግን የጠፋውን ቃል አልመለሰም። ዛሬ ሲምሺያኖች የሽማግሌዎቻቸውን ድምፅ እየቀረጹ ለልጆች እንደገና ያስተምራሉ።

በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ቆይቶ ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ከነዚህ አንዱ የከፋና የሞቻ ቋንቋ ነበር። የቻቡ ቋንቋ ከ15ቱ ውስጥ አልነበረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ማንኛውም ሕዝብ በቋንቋው የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋውን የማሳደግ መብት እንዳለው ይናገራል። መብቱ በወረቀት ላይ አለ። በቤት ውስጥ ሕይወት የሚሰጠው ግን የእናት አፍ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ በማንም ቋንቋ አንሳቅ። ልጅን ዝም የሚያሰኘው ሳቅ ነው። ሁለተኛ፣ አማርኛ ማንበብ ተማርን ማለት የቤታችንን ቋንቋ እንተው ማለት አይደለም። ሁለት ቋንቋ ያለው ሰው ሁለት በር ያለው ቤት አለው። ሦስተኛ፣ ሽማግሌዎቻችንን እንጠይቅ። ፊደል የቆጠረ ሰው የዛፉን ስም፣ ተረቱን፣ ምሳሌውን ጽፎ ማስቀመጥ ይችላል። የተማርነው ፊደል ለራሳችን ቃልም ይሠራል።

እንወያይ፦ በእኛ ቀበሌ ስንት ቋንቋ ይነገራል? ሽማግሌዎች የሚያውቁት፣ ልጆች ግን የማያውቁት ቃል የትኛው ነው?