ሁለት ነፃ ፈቃዶች የማይጣጣሙት ለምንድን ነው?



የማማክረው አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የመመረቂያ ሥራውን ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። ከሁለት የክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች የወሰደውን ኮድ አዋሕዶ አንድ ፕሮግራም ሠርቷል፤ ለሕዝብ ሊያሰራጨውም ተዘጋጅቷል። አንደኛው ኮድ በአፓቺ ፈቃድ ዕትም 2.0፣ ሌላው በጂፒኤል ዕትም 2 የተሰጠ ነው። እንዲህ አዋሕዶ ማሰራጨት እንደማይችል ስነግረው፣ «ዶክተር፣ ሁለቱም ነፃ አይደሉም እንዴ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር።

የቅጂ መብት የሚጠብቀው የተጻፈውን ኮድ ነው። ፓተንት ግን ከኮዱ በስተጀርባ ያለውን የአሠራር ዘዴ ይይዛል፤ ስለዚህ ዛሬ ኮዱን በነፃ የሰጠን ሰው ነገ በፓተንቱ ሊከሰን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው አፓቺ 2.0 ይህን ለመከላከል በ3ኛው አንቀጹ እያንዳንዱ አበርካች ከኮዱ ጋር የፓተንት ፈቃድም እንዲሰጥ ያደርጋል። ተቀባዩ «ይህ ሥራ ፓተንቴን ይጥሳል» ብሎ ክስ ከመሠረተ ግን፣ በዚያ ሥራ ላይ ያገኘው የፓተንት ፈቃድ ይቋረጣል። እኔ በበኩሌ ፍትሐዊ ድንጋጌ ነው እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ጂፒኤል 2 ግን በ6ኛው አንቀጹ፣ ኮዱን የሚያስተላልፍ ሰው በተቀባዩ ላይ ተጨማሪ ገደብ እንዳይጥል ይከለክላል። በፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን አተረጓጎም፣ የአፓቺ የማቋረጫ ድንጋጌ በጂፒኤል 2 ውስጥ የሌለ ገደብ ነው። ለመከላከያ የተጻፈው ቃል ራሱ እንቅፋት ሆነ ማለት ነው። በ2007 የወጣው ጂፒኤል 3 ችግሩን ፈታው፤ ይሁንና በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። የአፓቺ ኮድ በጂፒኤል 3 ሥራ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ የጂፒኤል ኮድ ግን በአፓቺ ፈቃድ ሊሰራጭ አይችልም። እንደ ሊኑክስ ከርነል በዕትም 2 ብቻ የተወሰነ ሥራ ደግሞ ከዚህ መፍትሔ ውጭ ነው።

«ይህ እኛን ምን ያገባናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። በእርግጥ በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ፓተንት ከማይሰጣቸው ነገሮች ይመድበዋል። ነገር ግን የፈቃዱን ቃል ስንጥስ የምንጠየቀው በቅጂ መብት ነው፤ ይህ መብት ደግሞ በሕጋችን ለፕሮግራም ተሰጥቷል። በዚያ ላይ በኢንተርኔት የለቀቅነው ፕሮግራም የሶፍትዌር ፓተንት በሚሰጥባት አሜሪካም ይደርሳል።

ተማሪዬን በጂፒኤሉ ኮድ ፋይሎች አናት ላይ የተጻፈውን እንዲያነብ ላክሁት። ባለመብቱ ዕትም 2ን ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ማንኛውንም ዕትም መምረጥ እንደሚቻል ጽፎ ኖሯል። ተማሪው ዕትም 3ን መረጠ፤ የአፓቺውን የፈቃድ ጽሑፍና ማስታወቂያዎች ሳይነካ፣ ጠቅላላ ሥራውን በጂፒኤል 3 አሰራጨ።